ነገርን ከሥሩ፤ የውሻንም ሕመም ከምንጩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። አባቶቻችን ይህን ሲሉ በችሎት ፊት የሚሟገተውን ባለጉዳይ አስበው እንደ ሆነ እንጂ በበረንዳ ላይ የተኛች ውሻ ትዝ ብላቸው እንዳልነበረ እናውቃለን። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ይህንኑ ምሳሌ ይዘን ስለ አንዲት ውሻ ልንናገር ነው። አንባቢያችን፣ ይልቁንም በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት የሚገኘው ወጣት፣ «ለእሑድ ጋዜጣ ከዚህ የተሻለ ጉዳይ ጠፍቶ ነውን?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

በኪራይ በምንኖርበት ግቢ ሎቲ የምትባል ውሻ አለች። ዕድሜዋ 9 ዓመት፣ ክብደቷ 32 ኪሎ ነው። የቤቱ ባለቤት እትዬ ያገኙዋት በጎረቤት ይኖሩ ከነበሩና ወደ አገራቸው ከተመለሱ የውጭ አገር ሰዎች ሲሆን፣ እነዚያ ሰዎች እንዳትወልድ በሐኪም አስመክነዋት ነበር። የጀርመን ሼፐርድ ዘር ስላለባት ቁመቷ ረዥም፣ ደረቷም ሰፊ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ በዚያ ግቢ ሌባ ገብቶ አያውቅም። እትዬም «እሷ ባትኖር እንቅልፍ ባይኔ አይዞርም» ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምተናል።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ሎቲ የምትተኛበት ጆንያ ጠዋት ጠዋት ረጥቦ ይገኝ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት ዘበኛው አፍንጫዋን በርጥቡ ላይ እያሹ በዱላ ገረፏት። በሁለተኛው ሳምንት ሽንቱ ይቀንስ እንደ ሆነ ተብሎ የውሃ ሳሕኗ ማታ ማታ ተነሣባት። በሦስተኛው ከበረንዳው ተባርራ በውጭው በር አጠገብ በዝናብ ታድር ጀመር። በመጨረሻም እትዬ ዘበኛውን ጠርተው «ከእንግዲህ አርጅታለች፤ በመኪና ወስዶ ከከተማ ውጭ የሚጥልልኝ ሰው ይፈልጉልኝ» አሏቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያን ጊዜ እኛም ዝም አልን። ሽታው በመስኮታችን ይገባ ስለ ነበር ዝምታችን የስምምነት ያህል ነበረ። በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ስለ ምክንያትና ውጤት ብዙ ገጽ የጻፍን ሰዎች፣ ከመስኮታችን ሥር ላለው ውጤት ምክንያቱን ለመጠየቅ አላሰብንም።

የጠየቀው በቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና አጥንቶ የተመረቀ አንድ ወዳጃችን ነው። ቅዳሜ ለቡና መጥቶ ሳለ ነገሩን ሰማና ስኒውን አስቀመጠ። «እትዬ፣ የምታረጥበው ነቅታ ሳለች ነው ወይስ ተኝታ?» አላቸው። «ተኝታ ነው እንጂ ልጄ፤ ስትነሣማ ራሷም ደንግጣ ትልሰዋለች» አሉ። «ቀን ስትሸናስ ታምጣለች? ደም ይታይበታል?» «ኧረ የለም፣ እንደ ወትሮዋ ነው።» «ውሃስ ታበዛለች?» በዚህ ጊዜ ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን። ውሃውን ነሥተናት ስለ ነበር የዚህን ጥያቄ መልስ ማንም አያውቀውም። ወዳጃችንም «እንግዲያስ ይህች ውሻ ታማ እንደ ሆነ ይመርመር እንጂ አጠፋች ተብላ አትቀጣም» አለ።

የዛሬው ጽሑፋችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ሽንትን መሽናትና ሽንት ማምለጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚሸና ውሻ ዐውቆ ይሸናል፤ ቦታው ካልተስማማን እናስተምረዋለን። ሽንት የሚያመልጠው ውሻ ግን ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ እንደ እኛው በርጥቡ የሚያውቅ ነው። ያላወቀውን ፍጡር ስለ አደረገው ነገር መግረፍ ከቶ ምን ያስተምረዋል?

ሽንት ከኵላሊት በሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ወደ ፊኛ ይወርዳል። በፊኛው አንገትና በሽንት መውጫው ዙሪያ ያለው ጡንቻ ደግሞ እንደ በር ዘብ ሆኖ ጊዜው እስኪደርስ አጥብቆ ይይዘዋል። ሴት ውሻ በቀዶ ሕክምና ከመከነች በኋላ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በሰውነቷ ስለሚቀንስ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ይህ ጡንቻ ይላላል። ነቅታ ሳለች ይይዛል፤ ስትተኛ ግን ይከዳታል። በስዊዘርላንድ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 በወጣ ጥናት፣ ከ412 የመከኑ ውሾች 83ቱ፣ ማለት ከአምስት አንዷ ያህል፣ ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ክብደታቸው ከ20 ኪሎ በላይ ከሆኑት መካከል ከመቶ 31 ሲደርስ፣ ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ግን ከመቶ 10 እንኳ አልሞላም። ሕመሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቶሎ ሊመጣ ይችላል፤ ዓመታት ቆይቶም ይመጣል። ይህን ስንል ማምከን ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። ያልተፈለገ ቡችላ በየመንገዱ እንዳይጣል ይከለክላል፤ የማሕፀን መግልንም ያስቀራል። ጥቅሙን የሚቀበል ሰው ግን ሊያስከትል የሚችለውንም ዐውቆ መቀበል አለበት።

ይሁን እንጂ የረጠበ ጆንያ ሁሉ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ቡችላው ከተወለደ ጀምሮ ሳይደርቅ የሚኖር ከሆነ፣ ከኵላሊት የሚወርደው ቧንቧ ፊኛውን አልፎ በተሳሳተ ቦታ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚቃና ነው። ቶሎ ቶሎ እያማጠ ጥቂት ጥቂት የሚሸና፣ ሽንቱም ደም የቀላቀለ ወይም የደፈረሰ ከሆነ፣ የፊኛ ቍስለት ወይም ጠጠር ይጠረጠራል። ውሃ የሚያበዛ ውሻ የስኳር ወይም የኵላሊት በሽታ ይኖርበት ይሆናል፤ ያልመከነች ውሻ ከሆነች ደግሞ፣ በተለይ ወንድ ከፈለገችበት ጊዜ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ የማሕፀን መግል ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው በፍጥነት ካልታከመ ይገድላል። የኋላ እግሩን የሚጎትት ወይም ጭራው የዛለ ውሻ ሕመሙ ከሕብለ ሰረሰሩ ሊሆን ይችላል። እያማጠ ጠብታ እንኳ የማይወጣው ውሻ ቢገኝ ደግሞ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለውም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

ከሕመም ያልሆነም አለ። ጌታው ሲመጣ አጎንብሶ የሚያመልጠው ውሻ ከፍርሃት ወይም ከደስታ የተነሣ ነው፤ እየዞረ እግሩን በየግንቡ የሚያነሣው ደግሞ ድንበሩን ማመልከቱ ነው። በእነዚህም ላይ ዱላ አይረዳም። ይልቁንም ከፍርሃት የተነሣውን ያባብሰዋል።

እንግዲህ ምክንያቱ ይህን ያህል ብዙ ከሆነ እንዴት ይለያል? ምርመራው ከሐኪሙ በፊት የሚጀምረው በባለቤቱ ዘንድ ነው። ጠዋት ሳሕኑን በሊትር ለክቶ መሙላት፣ በማግሥቱ የቀረውን መለካት፣ ውጤቱን በወረቀት መጻፍ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ጤነኛ ውሻ በቀን በኪሎው ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ከ100 ካለፈ በእርግጥ በዝቷል። መቼ እንደሚያመልጠው፣ ተኝቶ ይሁን ቆሞ፣ ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደ ሆነ በአንድ ሳምንት ማስታወሻ ይዞ የሚመጣ ባለቤት የሐኪሙን ሥራ በግማሽ አቀለለ ማለት ነው። ከዚያም ሐኪሙ ሆዱን፣ ጀርባውንና ጭራውን ዳስሶ፣ ሽንቱን በመሣሪያ ይመረምራል፤ ስኳር፣ መግልና ደም ይፈልጋል፤ ሽንቱ ከንጹሕ ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ይለካል። መጠኑ ከ1.030 በላይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኵላሊቱ ሥራውን እየሠራ ነው። እንደ አስፈላጊነቱም ደምና ራጅ ወይም አልትራሳውንድ ይጨመራል።

ሎቲም እንዲሁ ተመረመረች። ሳሕኗ ተመልሶላት ሲለካ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል አላለፈም። ሽንቷ 1.035 ሆነ፤ ስኳርም መግልም አልተገኘበትም። ጀርባዋም እግሯም ደኅና ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ጡንቻው ላልቷል ብሎ ፈረደና ጡንቻውን የሚያጠብቅ ፌኒልፕሮፓኖላሚን የሚባል ክኒን አዘዘ። ለዚሁ ሕመም የሚሰጥ ሌላም ኤስትሪዮል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በአሜሪካ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ለውሾች ተፈቅዷል። መድኃኒት ያላቆመውን ደግሞ በቀዶ ሕክምና ወይም በሽንት መውጫው ግድግዳ ላይ መርፌ በመውጋት የሚያጠብቡ ሐኪሞች አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ፌኒልፕሮፓኖላሚን የደም ግፊት ሊያስነሣ ስለሚችል የልብ ወይም የኵላሊት ሕመም ላለበት ውሻ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአሜሪካም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2000 የመድኃኒት ተቈጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይኸው መድኃኒት ለሰው መሸጡ እንዲቆም የጠየቀው በአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት ነበር። ስለዚህ «ለጎረቤቴ ውሻ በጅቷታል» ብሎ ክኒን መዋዋስ ፈጽሞ አይገባም።

መድኃኒት ብቻውንም አይበቃም። ከበረንዳው ጥግ ላይ ፕላስቲክ ተነጠፈና በላዩ የሚታጠብ ጨርቅ ተደረገ፤ ጨርቁም በየቀኑ ይለወጣል። ሽንት ቆዳን ስለሚያቃጥልና ዝንብ ስለሚጠራ ሆዷና ጭኗ በለስላሳ ሳሙና እየታጠበ ይደርቃል። ከመኝታ በፊትና ማለዳ ትወጣለች። ወፍራም ስለ ነበረች ምግቧ ተመጠነ፤ ውፍረት ሕመሙን ያብሳልና። ውሃ ግን ቀንም ሌሊትም ከፊቷ አይለይም። በወሩ መጨረሻ ጨርቁ የሚረጥበው በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ሆነ። ፈጽሞ ድናለች አንልም፤ ግን በቤቷ አለች። ሌሊት ስትጮኽም የምንሰማት ከበረንዳው ነው።

አንዳንድ ሰው «የሰው ሕክምና ገና ባልተዳረሰበት አገር ለውሻ ሽንት ይህን ያህል ቀለም ማፍሰስ ቅንጦት ነው» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ በቀላሉ አናልፈውም። ነገር ግን ከከተማ ውጭ የተጣለች ውሻ ዝም ብላ አትጠፋም። ከመንገድ ውሾች ጋር ትቀላቀላለች፤ ክትባቷ ያልፍባታል፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ግቢ የተጣለው ችግር በሌላው ሰፈር ከሚጫወት ሕፃን ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደግሞስ የሕክምናው ትልቁ ክፍል ምን ነበር? አንድ ሳሕን፣ አንድ ሊትር መለኪያ፣ ጥቂት ጨርቅና አራት ጥያቄ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ልማዱ ነው። ፍራሽ ያረጠበውን ሕፃን ከጎረቤት ልጆች ፊት ማሳፈር፣ ዘወትር የሚያንቀላፋውን ተማሪ «ሰነፍ» ብሎ ከክፍል ማስወጣት፣ ሥራው የዘገየበትን ጸሐፊ ምክንያቱን ሳይጠይቁ ደመወዙን መቍረጥ፣ ይህ ሁሉ ሎቲን ከገረፈው ዱላ የተቈረጠ ነው። ሰውን ከእንስሳ ማስተካከላችን አይደለም፤ የሚያመሳስላቸው የኛ የፈራጆቹ ችኰላ ነው። በዘበኛው ብቻ መፍረድም አይገባም። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሚያውቁት መድኃኒት ያ ብቻ ነበር። የባሰው ጥፋት መጠየቅን ተምረን ዝም ያልነው የኛ ነው።

ወጣቱ ባለሥልጣን ነገ በጠረጴዛው ላይ የቅጣት ደብዳቤ ሲቀርብለት፣ ከመፈረሙ በፊት «ነቅቶ ነው ወይስ ተኝቶ? ከመቼ ጀምሮ? ውሃውንስ ማን ነሣው?» ብሎ ቢጠይቅ ከማዕረጉ የሚጎድልበት ነገር የለም። የግቢው ውሻ ጆንያ ረጥቦ ያገኘ ሁሉም ዱላውን ያስቀምጥና መለኪያውን ያንሣ። እኛ ሳንጠይቅ ባሳለፍናቸው ሳምንታት ሎቲ በዝናብ አድራለች፤ እነዚያን ሌሊቶች ልንመልስላት አንችልም።