ጉዱ ካሣን የምትወዱ፣ ወቃሻችሁን ባንዳ አትበሉ



ወጣት ተሰብስቦ «የምንጊዜም ምርጥ ልብወለድህ የቱ ነው?» የሚል ጨዋታ ከተነሳ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። አብዛኛው ሰው ሳያስብ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይላል። ቀጥሎ «ኦሮማይ» ይመጣል። አንዱ «አልወለድም»ን ያነሳል፣ ሌላው «ከአድማስ ባሻገር»ን፣ ታናናሾቻችን ደሞ «ዴርቶጋዳ»ን ይጨምራሉ። ደስ ይላል! በራሱ ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ በኩራት የሚጠራ ወጣት አለን ማለት ነው።

ግን ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እነዚህ የምንኮራባቸው መጻሕፍት የሚሉትን ሰምተናል ወይስ ስማቸውን ብቻ ነው የያዝነው?

ለምን እንዲህ አልክ ካላችሁ፣ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። ከመሃላችን አንዱ ተነስቶ «እዚህ ጋ ተሳስተናል» ካለ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ባንዳ ይባላል። «ስንት ከፈሉህ?» ይባላል። ዘሩ ይቆጠራል። ይሄንን ሁሉ የሚለው ልጅ ግን «ከልብወለድ ማንን ትወዳለህ?» ስትሉት «ጉዱ ካሣን!» ይላችኋል።

እሺ፣ ጉዱ ካሣ ማነው?

የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ነው፣ ባዳ አይደለም። እንደሌላው ዘመድ አዝማድ ከማዕዱ ዳር ተቀምጦ ፊታውራሪን ቢያሞጋግስ ኖሮ ማንም «ጉዱ» አይለውም ነበር። እሱ ግን ባላባቱ ገበሬውን እንዴት እንደሚያራቁት፣ ልማድ ሃይማኖት መስሎ ሰውን እንዴት እንደሚያስር፣ የዘር ትምክህት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንዴት እንደሚለያይ አየ፤ ያየውን ተናገረ። የወቀሳቸው ከሩቅ ሆኖ አይደለም፣ እዚያው ከመሃላቸው ተቀምጦ ነው። ለዚህ ነው እብድ ያሉት። ዛሬ በኛ ዘመን ቢኖር ምን የምንለው ይመስላችኋል? እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ደሞ መጽሐፉን ወደጻፉት ሰው እንምጣ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸው። ፋሺስት ሲወረን ዘመቱ፣ ተማረኩ፣ ጣሊያን አገር ተወስደው ለዓመታት ታሰሩ። «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው ያንን ጊዜ ተርከውልናል። ከነፃነት በኋላ በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም አገራቸውን አገለገሉ። እንግዲህ አገር ወዳድ ከዚህ በላይ ከየት ይመጣል?

እኚህ ሰው በ1958 ዓ.ም. ብዕራቸውን ሲያነሱ ግን የጻፉት የጎጃምን ባላባት ግፍ ነው። የገዛ አገራቸውን ልጆች፣ ያሳደጋቸውን ሥርዓት ነው የወቀሱት። ፊታውራሪ መሸሻ ከገበሬው ጋር ተጣልተው ሲዘምቱና በአበጀ በለው እጅ ሲማረኩ አንብባችሁ ስቃችሁ ይሆናል። ጸሐፊው ግን ለሳቅ ብቻ አልጻፉትም። ለአገራቸው ከተዋጉ በኋላ አገራቸውን በመስታወት ያሳዩት ከፍቅር የተነሳ ነው። የሚወዱት ነገር እንዲበሰብስ ስላልፈለጉ ነው።

ሌላውን ጫፍ ደሞ እዩት። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብወለድ የሚባለው፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። አማርኛው ማር ነው፣ ማንም አይክደውም። ይኸው ሰው ስለ ዳግማዊ ምኒልክም በውዳሴ የተሞላ መጽሐፍ ጽፏል። ጣሊያን ሲወረን ግን ከማን ጋር ቆመ? ከወራሪው ጋር! በኋላም ግዞት ተፈርዶበት ጅማ ላይ ሞተ።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያወደሰው ከጠላት ጋር ቆመ፣ የታገሉትና የታሰሩት ወቀሱ። ያሞገሰ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ የወቀሰ ሁሉም ጠላት አይደለም። ባንዳን በምላሱ ጣፋጭነት ወይ ምሬት መለየት አይቻልም ማለት ነው። ይሄን ካላወቅን የራሳችንን ሐዲሶች እየረገምን የራሳችንን አፈወርቆች ትከሻችን ላይ እናወጣለን።

«ኦሮማይ»ስ? በዓሉ ግርማ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። በቀይ ኮከብ ዘመቻ ኤርትራ ድረስ ሄዶ ያየውን ይዞ በ1975 ዓ.ም. መጽሐፉን አወጣ። ናቅፋ ላይ የረገፈውን ወጣት፣ የቢሮ ሰዎችን ሽኩቻና ውሸት ጻፈው። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እስከ ዛሬ መቃብሩ እንኳ አይታወቅም።

እዚህ ጋ አንዳንዶቻችሁ የምትሉት ይገባኛል። «ጠላት በበዛበት ሰዓት ገመናን አደባባይ ማውጣት ለጠላት ጥይት ማቀበል ነው» ትላላችሁ። ቀላል ክርክር አይደለም፣ የወንድሙን ሬሳ የቀበረ ሰው ሲናገረው አልንቀውም። ግን ይኸው ታሪኩ ፊታችን ነው። ያኔም የተባለው ይሄው ነበር። መጽሐፉ ተለቀመ፣ ጸሐፊው ጠፋ፣ ዝምታ ሰፈነ። ታዲያ ዝምታው ግንባሩን አዳነው? በ1980 ዓ.ም. አፋቤት ወደቀ፣ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ራሱ ፈረሰ። እውነቱን ደብቆ የዳነ ጦር የለም። ቁስሉን የሚነግርህን ሐኪም ብታስወጣው ቁስሉ ይድናል?

ደሞ አንድ ነገር ልጨምር። ደራሲ ሲነሳ «የየት ነው? ዘሩ ምንድን ነው?» የምትሉ አላችሁ። በዓሉ ኢሉባቦር ተወለደ፣ አባቱ ህንዳዊ ነበር፣ በአማርኛ ጻፈ፣ በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት ጠፋ። ከዚህ በኋላ ዘሩን የሚቆጥር ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

አቤ ጉበኛንም አትርሱት። «አንድ ለእናቱ»ን ጽፎ አፄ ቴዎድሮስን ያሳየን ይኸው ሰው ነው «አልወለድም»ንም የጻፈው። በእናቱ ማኅፀን ሆኖ «እዚህ አገር አልወለድም» እያለ የሚሟገት ፅንስ! በ1955 ዓ.ም. ነው የወጣው፣ መንግሥትም አልወደደለትም፣ ታገደ። ተመርቆ ሲቪ ተሸክሞ በየቢሮው ደጃፍ ለሚዞር እንደኔ ላለ ልጅ ያ ፅንስ ተረት አይደለም። ጥያቄው ዛሬም ጥያቄያችን ነው። ታዲያ ቴዎድሮስን ያወደሰበትን ገጽ ወስደን ድህነትንና ግፍን የጠየቀበትን ገጽ እንጣለው? አቤ አገሩን በሁለቱም ይወዳል፤ ግማሹን ቀደን ከጣልነው አቤን አላነበብነውም።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ነው። ትረካውን ውደዱት፣ ድንቅ ነው፣ ግን መጽሐፉን ራሱ ያዙት። አዲስ መጽሐፍ ውድ ነው፣ ሥራ ለሌለው ሰው የማይቀመስ መሆኑን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ጠይቁ፣ ከጓደኛ ተዋሱ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር ወይ አብርሆት ገብታችሁ አንብቡ። ሦስት ሆናችሁ አንድ ቅጂ በየተራ ብታነቡም ያው ነው።

ስትጨርሱ ደሞ «የቱን ወደድክ?» ብላችሁ ብቻ አትጠያየቁ። «የቱ ገጽ ቆነጠጠህ? የቱ ጋ የራስህን ሰፈር፣ የራስህን ቤት፣ የራስህን ንቅናቄ አየህ?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ያልቆነጠጠን ልብወለድ ምርጣችን ነው ብንል ለወጉ ነው።

ነገ ደሞ ከመሃላችን አንዱ ልጅ ደስ የማይል እውነት ሲናገር፣ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ሐሳቡን መርምሩት። ውሸት ከሆነ በማስረጃ መልሱለት፣ እውነት ከሆነ አርሙ። ያ ልጅ የኛው ጉዱ ካሣ ሊሆን ይችላልና በገዛ እጃችን አናስወጣው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!