«ባዶ ነበር» አትበሉ!

ባለፈው ሰሞን ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አጠገብ ካለ አንድ ቡና ቤት ከሾፌር ጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አንደኛው «ይህን ሰፈር ሰፈር ያደረግነው እኛ ነን፤ ስንመጣ ባዶ ነበር» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ከጥቂት ቀናት በፊት ያሳፈርኳቸው አንዲት አሮጊት ጥቁር አሜሪካዊት፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ የእኛ ምግብ ቤት ያለበትን ሕንፃ በጣታቸው እያሳዩ «የአባቴ ፀጉር ቤት እዚህ ነበር» ብለውኝ ነበርና። አገር ቤት ስምንት ዓመት ታሪክ ያስተማርኩት ሰውዬ፣ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልጠይቃቸው ሂሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ።

ለመሆኑ ሰፈሩ ባዶ ነበር? (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) አሥራ ሁለተኛው ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው ትሩ ሪፎርመር የተባለው ሕንፃ በ1903 ሲሠራ፣ ንድፉን ያወጣው ጥቁር፣ ገንዘቡን ያዋጣው ጥቁር፣ የገነባውም ጥቁር ነው። መሐል ከተማ ያሉ ሆቴሎች ጥቁር አናሳድርም ባሉበት ዘመን፣ በ1919 ዋይትሎው ሆቴል እዚሁ ሰፈር ተከፈተላቸው። በ1958 ደግሞ ከትሪኒዳድ የመጣው ስደተኛ ቤን አሊ ከእጮኛው ከቨርጂኒያ ጋር ቤንስ ቺሊ ቦውልን ከፈተ፤ ቤቱ ቀድሞ ድምፅ አልባ ፊልም የሚታይበት ነበር። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድለው አካባቢው ሲቃጠል፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ እንኳ ያ ቤት አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ግን ሰፈሩ ደከመ። የምድር ባቡር ሲቆፈር ደግሞ ብዙ ሱቆች ከሰሩ፤ ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው። እንግዲህ እኛ «ባዶ» የምንለው የቆሰለውን ሰፈር ነው። ኪራዩ የረከሰልንም በእነሱ ቁስል ነው።

ደግሞስ ባዕድ ናቸው? ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት እዚያው አጠገብ ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያገቡትም ጥቁር አሜሪካዊት ነው። ጣሊያን በ1935 ሲወረን ሳንቲም አዋጥተው «ኢትዮጵያ አትነካም» ብለው የተሰለፉት የእነዚህ ሰዎች አባቶችና እናቶች ናቸው።

በ2005 ዘጠነኛው ጎዳና «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ነባሮቹ ነዋሪዎች ተቃወሙ። እስከ ዛሬ «ምቀኝነት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉን። እኔ ግን እላለሁ፦ የባለቤቱን ስም ሳይጠይቁ የራስን ስም በር ላይ መለጠፍ በእኛም ባህል ነውር ነው።

«ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ለታሪክ ጊዜ የለውም» ትሉኝ ይሆናል። እኔም በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት እነዳለሁ። መጠየቅ ግን ነዳጅ አይፈጅም።

ነገሩ ደግሞ ወደ እኛው ይዞራል። በእቁብ ብር ሱቅ ከፍተው፣ ቀን እንጀራ እየጋገሩ ሌሊት ፓርኪንግ እየሠሩ ልጅ ያሳደጉ ወገኖቻችን ኪራይ ሲጨምርባቸው ታፔላቸውን አውርደው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደዋል። ታሪካቸውን ማን ጻፈው? ማንም! የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ልጆቻችንም ያልነገርናቸውን ሰፈር አይናፍቁም። ዛሬ እኛ በእነሱ ላይ ያልነውን፣ ነገ በእኛ ቦታ ውድ ቡና የሚሸጠው ሰው በእኛ ላይ ይለዋል፤ «ስመጣ ባዶ ነበር» ይላል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ወር ቡና ስታዙ ባለቤቷን አንድ ነገር ጠይቋት፦ «ይህን ቤት እንዴት ከፈትሽው? ካንቺ በፊትስ ማን ነበረበት?» መልሱን ጻፉት፤ ለልጆቻችሁም ንገሩ። እኔም እኒያን እናት ዳግመኛ ካገኘኋቸው፣ ሂሳብ ከመቀበሌ በፊት የአባታቸውን ስም እጠይቃለሁ።