ማለዳው በነጻ ይሁን

በ2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሁለት ትልልቅ ፓርኮች አገኘች፤ በመስከረም በምኒልክ ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክን፣ በጳጉሜን ደግሞ ወዳጅነት ፓርክን። ተራው ሰው ከአጥሩ ውጭ ብቻ ያውቀው የነበረ ቤተ መንግሥት ለጉብኝት መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ቅር የሚያሰኘኝ የበሩ ዋጋ ነው። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር ነበር። አብነት ሰፈር ውስጥ አምስት አዋቂዎች ያሉበት ቤተሰብ ታክሲና ምሳ ሳይታሰብ በሩ ላይ ብቻ 1,000 ብር ያወጣ ነበር ማለት ነው። በዚህ ስሌት ፓርክ የሚኬደው ምናልባት በዓመት አንዴ፣ ለበዓል ነው። የፓርክ ጥቅሙ ግን በመመላለስ ነው። ስኳር ያለባቸውና ሐኪም በእግር ይሂዱ ያላቸው አባት፣ ጠባብ ቤት ውስጥ ማጥናት ያቃታት ተማሪ፣ መኪና እያሳለፈ አስፋልት ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ አረንጓዴ ቦታ የሚያስፈልጋቸው በየቀኑ ነው።

«ታሪክ ያለበት ግቢ በነጻ አይገባም» የሚል ካለ ሕንድን ይመልከት። በዴልሂ ሎዲ ጋርደን ውስጥ የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሱልጣኖች መቃብሮች ቆመዋል፤ የከተማው ሰው ግን ሳይከፍል በመካከላቸው ይንሸራሸራል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የባንጋሎሩ ላልባግ ነው። ቀን ቀን ያስከፍላል፣ በማለዳ ግን ለእግረኛው በሩን በነጻ ይከፍታል።

አትክልተኛውም ውኃውም ጥበቃውም ገንዘብ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። ሆኖም የአንድነት ፓርክን አንበሶችና አዳራሾች ማየት የሚሻ ጎብኚ፣ ፎቶ የሚነሱ ሙሽሮችና ካፌዎቹ ገቢ ያመጣሉ፤ በማለዳ ሊራመድ የሚመጣ የሰፈር ሰው ደግሞ ድሮም ትኬት አይቆርጥም ነበርና የሚቀር ገቢ የለም። «ነጻ ከሆነ ይበላሻል» ለሚሉት መልሱ ደጃችን ላይ አለ። በከተማችን የኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶችና መቀመጫዎች ማንንም አያስከፍሉም፤ ሕዝቡም እየተገለገለባቸው ነው። ሥርዓት የሚያስከብረው ጥበቃና ደንብ እንጂ የትኬት ዋጋ አይደለም።

የአንድነት ፓርክ ነገር ይለያል፤ የመንግሥት መሪ ቢሮ ጎረቤት ስለሆነ ጥብቅ ፍተሻ ግድ ይለዋል። ስለዚህ ከወዳጅነት ይጀመር። ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ትኬት ሳይጠየቅ በሩ ለሁሉም ይከፈት፤ ለአንድ ዓመት ይሞከርና የጎደለ ገቢና የደረሰ ጉዳት ካለ ተቆጥሮ ለነዋሪው ይነገር።