የሩር አመታትና የተፈጥሮ ጸጋ

በወልቂጤና በቡታጅራ ለሚያድግ ብላቴና ከጎልፍ ጋር እጅግ የሚቀራረበው ጨዋታ በበዓለ ልደት ሰሞን የሚዘወተረው ገና ስለ ሆነ፣ የስፖርት መምህራን ልጁ ሩሯን፣ ማለትም የጨዋታውን ኳስ፣ ሲመታ ክንዱ ተጣመመ፣ እግሩ ተንሻፈፈ ብለው አመታቱን ለማቃናት ባይቸኩሉ እወዳለሁ። ዱላው ራሱ ጫፉ ቆልመም ካለ እንጨት የሚቆረጥ በመሆኑ አንዱ ሌላውን አይመስልም፤ አጭር የደረሰው ልጅ ጎንበስ ብሎ መሬት ለመሬት ይጠርጋል፣ ረጅም የያዘው ግን ቀና ብሎ ከሩቅ ያሳርፋል፤ ለሁለቱ አንድ ሥርዓት መደንገግ እንደምን ይቻላል?

በጎልፍም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው፤ ካናዳዊው የጎልፍ ተጫዋች ሞ ኖርማን እግሮቹን አንፈራጦ፣ ክንዶቹን ገትሮ፣ ዱላውን ከኳሷ በስተኋላ አርቆ አኑሮ እየመታ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 እና በ1956 የአገሩን የአማተሮች ሻምፒዮና አከታትሎ አሸንፏል። አሜሪካዊው ጂም ፊዩሪክም፣ መምህሩ የነበሩት አባቱ ጠመዝማዛ አመታቱን ሳይለውጡበት ስላሳደጉት፣ በ2003 የአሜሪካ ኦፕንን ዋንጫ ወስዶ፣ በ2016 አንድ ዙር በ58 ምት ፈጽሟል፤ ያነሰ የመታ በሚበልጥበት በዚህ ጨዋታ ይህ ዕጹብ ድንቅ ነው።

አጥብቆ ሊታረም የሚገባው ልማድ ቢኖር፣ በተጫዋቾች መካከል ዱላን ከትከሻ በላይ ማንሳት ነው፤ እርሱ የባልንጀራን ዓይን ያጠፋልና።