ብልጭ ድርግም ያለው ላፕቶፕና ሳይጣራ የተፈረደበት ልጅ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

በዚህ ወር ዓምዳችን በብዙ ቤት ስለሚያጋጥም አንድ የኮምፒውተር ችግር እንነጋገራለን፤ እርሱም የላፕቶፕ ስክሪን ብልጭ ድርግም ማለት ነው። ነገሩ የጥገና ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በአንድ ጎረቤቴ ቤት አባትና ልጅን እስከ ማኳረፍ ደርሶ ነበርና ታሪኩን ከመፍትሔው ጋር አብሬ አቀርበዋለሁ።

ቤተሰቡ ያለው ላፕቶፕ አንድ ብቻ ሲሆን ዕድሜውም ዐሥር ዓመት ገደማ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በማብቃቱ፣ ዊንዶውስ 11ም እንዲህ ላለው አሮጌ ማሽን ስላልተዘጋጀ፣ ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተጫነበት። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። ዛሬ ያለ ክፍያ ስለሚገኝና አሮጌ ማሽኖችን ስለማይከብድ ለብዙ ቤተሰብ ባለውለታ ሆኗል።

በዚህ ላፕቶፕ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅ ለፈተና ትዘጋጅበታለች፤ የ14 ዓመት ወንድሟም አልፎ አልፎ ይጠቀምበታል። አንድ እሑድ ጠዋት ሲከፈት ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ማታ የነካው ወንድምየው ነበርና ሁሉም ወደ እርሱ ዞሩ። «ወላሂ አልጣልኩትም፤ አጥፍቼው ነው የተኛሁት» ቢልም የሰማው አልነበረም። አባት ላፕቶፑን ወደ ጥገና ወሰዱት። ባለሙያው ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝቶ ሲያየው በዚያኛው ላይ ምስሉ ጸጥ ብሎ ታየ። ስለዚህ «የላፕቶፑ ስክሪን ተበላሽቷል፣ ይለወጥ» አለ። አባትም ይህን ልጁ ለመጣሉ ማረጋገጫ አድርገው ወሰዱት። ልጁ ኮምፒውተሩን እንዳይነካ ተከለከለ፤ ከአባቱም ጋር ተኳረፉ። እናትየው «ኡስታዝ፣ እስቲ አንተ እይልኝ፤ ልጁ ምግብ እንኳ እምቢ ብሏል» ብለው የመጡት ያን ጊዜ ነበር።

በመድረሳ ፊቅህ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው ማስረጃ ማቅረብ የከሳሽ ፈንታ ነው፤ በእርግጠኝነት የታወቀ ነገርም በጥርጣሬ አይሻርም። የኮምፒውተርን ችግር የምንፈትሽበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጥርጣሬዎችን መደርደር፣ ከዚያም አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ሰው ችግሩ ቢወገድ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

ከዐስር ሶላት በኋላ ፍተሻውን ጀመርን። በመጀመሪያ ማሽኑ ሲነሣ ወደ መሠረታዊ ማስተካከያው ገጽ ገባን። በዚህ ገጽ ላይ ሊኑክስ ገና አልተነሣም፤ ስለዚህ ስክሪኑ እዚህም ብልጭ ድርግም ካለ ጥፋቱ የአካሉ ማለትም የስክሪኑ፣ የገመዱ ወይም የግራፊክስ ክፍሉ ነው። ዐሥር ደቂቃ ጠበቅን፤ ስክሪኑ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ ክዳኑን ቀስ ብለን ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቀስነው። በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው ገመድ ከተጎዳ ምስሉ ከክዳኑ አቅጣጫ ጋር ይለዋወጣል፤ ይህም አልታየም። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ስክሪን ብርሃኑ ዝቅ ሲል ይንቀጠቀጣልና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረግነው። ሊኑክስ ሲነሣ ግን ብልጭ ድርግም ማለቱ ቀጠለ።

አራተኛው ፍተሻ ነገሩን ገለጠው። ሊኑክስ ሲታደስ ከርነል የሚባለው እምብርቱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ከማሽኑ አካላት ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ አብሮ ሊታደስ ይችላል፤ የቀድሞው ግን ወዲያው አይጠፋም። ማሽኑ ሲነሣ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ የተባለውን ቁልፍ በመጫን የሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» በሚለው ሥር የቀድሞውን መምረጥ ይቻላል። በቀድሞው ስናስነሣው ስክሪኑ ጸጥ አለ! ስክሪኑም ገመዱም ጤነኛ ነበሩ።

ታዲያ የጥገና ባለሙያው ለምን ተሳሳተ? አንድ ምስክር ብቻ ስለሰማ ነው። በኢንቴል ግራፊክስ በሚሠሩ ላፕቶፖች ላይ ፒኤስአር የሚባል የኃይል መቆጠቢያ አለ። ምስሉ ሳይለወጥ ሲቆይ ስክሪኑ ራሱ የያዘውን ምስል እያሳየ የግራፊክስ ክፍሉን ያሳርፈዋል። ከአንዳንድ ስክሪኖች ጋር ግን አይስማማም። ይህ መቆጠቢያ የሚሠራው በላፕቶፑ በራሱ ስክሪን ላይ በመሆኑ በውጭ የተገናኘው ስክሪን ምንም አይነካውም። የሶፍትዌሩ ችግር የስክሪን ብልሽት መስሎ የታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንንም ለማረጋገጥ አዲሱን ከርነል መረጥንና «ኢ» የተባለውን ፊደል ተጫንን። «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ አንድ ክፍት ቦታ ትተን፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘን «አይ915፣ ነጥብ፣ ኢኔብል፣ የሥር ሰረዝ፣ ፒኤስአር፣ የእኩል ምልክት፣ 0» ብለን ጻፍንና በኤፍ10 አስነሣነው። ስክሪኑ ጸጥ አለ። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ ይረሳዋል፤ ስለዚህ ለሙከራ አያስፈራም። ዘላቂ ለማድረግ ያንኑ ቃል «ግራብ» በተባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ አስገብቶ «አፕዴት ግራብ» የተባለውን ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል። ጉዳቱ ባትሪው ትንሽ ቀደም ብሎ ማለቁ ነው።

የቀረው አንድ ጥያቄ «ለምን እሑድ ዕለት?» የሚለው ነበር። የእድሳቱን መዝገብ ስንከፍት አዲሱ ከርነል የገባው ሐሙስ ነው። እኅትየው «አድስ» የሚለውን ተጭና ረስታዋለች፤ ማታ ማታም ክዳኑን ብቻ እየከደነች ታሳድረው ነበር። አዲስ ከርነል ደግሞ ሥራ የሚጀምረው ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ነው። ቅዳሜ ማታ በሥርዓቱ ያጠፋው ወንድሟ ነበር። በልጁ ላይ የተፈረደበት ኮምፒውተሩን እንደሚገባ ስላጠፋ ነበር ማለት ነው። እኅትየውም አላጠፋችም፤ እድሳት የደኅንነት ቀዳዳዎችን የሚደፍን ጠቃሚ ነገር ነው።

አባት ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም ልጁን ጠርተው በሁላችንም ፊት «ልጄ፣ ዐውፍ በለኝ፤ እየማልክልኝ አላመንኩህም» አሉት። ልጁ አቀርቅሮ የአባቱን እጅ ሳመ። እናትየው ዕንባቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁ። ያን ዕለት መግሪብን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ሰገዱ።

ውድ ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥማችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት እነዚህን ፍተሻዎች በቅደም ተከተል አድርጉ፤ አስፈላጊ ፋይሎቻችሁንም አስቀድማችሁ በፍላሽ ገልብጡ። በማስተካከያው ገጽ ላይም ብልጭ ድርግም ካለ ግን ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ስክሪን ቢበላሽ ይለወጣል፤ በልጅ ልብ ላይ የወደቀ የሐሰት ክስ ግን በገበያ መለዋወጫ አይገኝለትም።

አላህ ሳያጣሩ ከመፍረድ ይጠብቀን፤ አሚን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወቢላሂ ተውፊቅ።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።