ቪትዝ ቤንዚን ትቆጥባለች፤ ለማን?

ጅማ ላይ ቤተሰብ የበዛበት ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ «ቪትዝ ግዛ፣ ቤንዚን አትጠጣም» ይሉታል። አባቴም የቡናውን ገንዘብ ይዞ እዚሁ ምክር ላይ ነው። እኔ ግን አልስማማም። ስድስት ነን፣ እማዬ ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ቪትዝ የምትይዘው አምስት ሰው ነው። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቴ ከተመላለሰች ቁጠባው የታለ?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የሚሸጥልን አገር ውስጥ የከረመው ነው። አዎ፣ መብራት ይጠፋል። ቢሆንም ሌሊት የተሞላ ባትሪ ለአጋሮ ደርሶ መልስ ይተርፋል፤ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ አለ።

ባለ ሦስት ረድፏ አይዲ 6 ውድ ናት። እስከሚቀጥለው የቡና ለቀማ ጠብቀን ገንዘቡ ላይ እንጨምርበት ባይ ነኝ። እማዬ «ልጁ ቡናውን አይጠብቅም» ትላለች። እስከዚያ ለክትባት በባጃጅ ይኬዳል።