ስልክህ አልሞተም፤ ባትሪው ነው የደከመው



ሰሞኑን ስልክ የቀየረ ሁሉ «ሕይወቴ ተቀየረ» ይላል። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። እኔም ቀይሬያለሁ። የእናቴ ስልክ ሲበላሽ አራት ዓመት የያዝኩትን የራሴን ባትሪ አስቀይሬ ሰጠኋትና አዲስ ገዛሁ። ይኸው ወር ሆነኝ። «አይተኸው ሳታውቅ አታውራ» ልትሉኝ ያሰባችሁ አረፍ በሉ።

ምን አገኘሁ? ስክሪኑ ይንሸራተታል። የድሮው ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ነበር የሚያድሰው፣ አዲሱ 120 ጊዜ ነው። በጣት ስትገፋው ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ደስ ይላል፣ አልክድም። በአምስተኛው ቀን ግን ልዩነቱ ትዝ ማለት አቆመ። ካሜራው ማታ ማታ በጣም ይሻላል፤ ይሄ የእውነት ለውጥ ነው። ስክሪኑ ሥር ያለው የጣት አሻራ ደግሞ ውዱእ አድርጌ እጄ ሳይደርቅ ከነካሁት «አላውቅህም» ይለኛል። ከዚያ ውጭስ? ቴሌግራሙ ያው ቴሌግራም ነው። ዋትሳፑም፣ የባንክ አፑም፣ የቁርኣን አፑም ያው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ውድ ስልክ አይቶ አይመለስም።

ለዚህ ነው እንግዲህ የስንት ወር ደመወዝ የሚቃጠለው! ለሱቅ መነሻ ብሎ የገባበት ዕቁብ ሲደርሰው ብሩን ይዞ ቀጥታ ስልክ ቤት የሚሄድ አለ። ተበድሮ የሚገዛም አለ። የመህር ነገር ሲነሳ «ኑሮ ተወዷል» የሚለው ወንድም ለአይፎን ከየት አመጣው? ዕዳ ቀልድ አይደለም ያ ጀመዓ፣ ይሄን ታውቁታላችሁ።

«የድሮው እኮ ሞቷል» ይባላል። ብዙ ጊዜ አልሞተም፤ የደከመው ባትሪው ነው። የስልክ ባትሪ ሊቲየም አዮን ነው፣ በተሞላና ባለቀ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። አፕል ራሱ አይፎን 14ንና ከዚያ በፊት ያሉትን የሠራቸው ባትሪያቸው 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 በመቶውን እንዲይዝ ነው። በየቀኑ ለሚጨርሰው ሰው ይሄ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አይሞላም። ይኸው ኩባንያ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ ላይ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ አመነ። ድንገት እንዳይጠፉ ነው አለ። ከዚያም ይቅርታ ጠይቆ የባትሪ መቀየሪያውን ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደው። እስከዚያ ድረስ «ስልኬ ቀርፋፋ ሆነ» ብሎ አዲስ የገዛው ሰውስ? ባትሪ ቢቀይር ፍጥነቱ ይመለስለት ነበር።

ሌላው ቴሌግራም ነው። በየግሩፑና በየቻናሉ ሳታያቸው የሚወርዱ ቪዲዮዎች ሜሞሪውን ይሞሉታል፣ ስልኩ ይንቀራፈፋል፣ ፎቶ አላነሳም ይላል። ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» የሚለውን ክፈትና ካሹን አጥፋው፣ በራሱ የሚያወርደውንም ዝጋው። የተጻጻፍከው አይጠፋብህም፣ ሰርቨሩ ላይ አለ።

መቀየር ያለበት የለም አላልኩም። የሴኩሪቲ አፕዴት በቆመበት ስልክ ገንዘብ ማንቀሳቀስ አደጋ አለው፤ ዋትሳፕም በጣም ያረጁ አንድሮይዶችን በየጊዜው ይተዋል። ፎቶና ቪዲዮ እንጀራው የሆነም ይግዛ። ሙግቴ ከእነሱ ጋር አይደለም። ካፌ ጠረጴዛ ላይ ስልኩን ገልብጦ ካሜራውን ከሚያስቆጥረው ጋር ነው። በተለይ ደግሞ የጓደኛውን ቴክኖ እያየ «ይሄን ሙዚየም ስጠው» ብሎ ከሚያስቀው ጋር። ሊገዛለት ካልሆነ ምን አገባው? ስንቱ ነው በዚያች አንዲት ሳቅ ምክንያት ብድር የገባው!

ወንድሜ፣ ብሩን ከማውጣትህ በፊት የምታምነው ስልክ ጠጋኝ ጋ ሂድ። ባትሪውን ዐይንህ እያየ ይቀይርልህ። ሜሞሪውን አጽዳና ሁለት ሳምንት ያዘው። ያኔም ከተንቀራፈፈ እንነጋገራለን።